የውጫሌ ዳገት ጭስ

ጋሽ ማሩ ፒክአፓቸውን በጭነት መኪና አስጎትተው መርሳ ያደረሷት፣ ተዋጊዎቹ ለቀው ከወጡ በኋላ፣ ገበያው ገና በቅጡ ሳይቆም ነው። የሙሄዲን ጋራዥ በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። ጓሮ ቀብሮ ካተረፋቸው ጥቂት መፍቻዎች በቀር የሥራ ዕቃ የሚባል አልነበረውም።

«እግዜር ያጽናዎ ጋሼ። ለቅሶ ሳልደርስዎ ቀረሁ» አለ ሙሄዲን።

«ማን ደረሰ ብለህ ነው፤ ያለ አልቃሽ ነው የተቀበረች።»

ባለቤታቸው ጥሩወርቅ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። ጦርነቱ ሲቃረብ መድኃኒቷ አልቆ ትዝለፈለፍ ጀመር። ጋሽ ማሩ በፒክአፗ ጭነዋት ከሲሪንቃ ወደ ደሴ ወጡ። ውርጌሳን አልፈው የውጫሌን ዳገት ሲያያዙት መኪናዋ ጥቁር ጭስ ትተፋ ጀመር። ነዳጅ በረገጡባት ቁጥር ጭሱ ይብሳል እንጂ ፈቅ አትልም። የሚያልፈው መኪና ሁሉ በሰው ታጭቋል፤ ቢለምኑም የቆመላቸው የለም። ጥሩወርቅ እዚያው ዳገቱ ላይ አረፈች።

«ሰኔ ላይ ቱቦዋን ስታጠብቅልኝ ‹ተርቦው ያፏጫል፣ ይታይ› ብለኸኝ ነበር» አሉ ጋሽ ማሩ። «እኔ መስከረም ይጥባ አልኩህ። ከዚያ ናፍጣ ጠፍቶ ቆማ ከረመች። እንግዲህ ተርቦው ከሆነ ገዳይዋ እኔ ነኝ። ሳትሸፋፍን ንገረኝ።»

«ገና ሳልከፍታት አይፍረዱ ጋሼ።»

«ቅዳሜ ያሬድን ከደሴ ሆስፒታል ላመጣው ነው፤ የእግሩ ቁስል ሽሯል አሉኝ። የልጄን ዓይን ከማየቴ በፊት ጥፋቴን ልወቅ።»

ሙሄዲን የአየር ማጣሪያውን አወጣ፤ አቧራ እንጂ የሚያንቅ ነገር የለበትም። ጣቱን ለሞተሩ አየር ወደሚነፋው ተርቦ ሰዶ ዘንጉን ነቀነቀው። ጤነኛ ነው፤ ክንፎቹም አልተበሉም። ዲዝል እንዲህ የሚጠቁር ጭስ የሚያወጣው ናፍጣው በቂ አየር ሲያጣ ነው፤ አየሩ ታዲያ የት ይቀራል? የፈታውን መልሶ ገጠመ።

«ያስነሱና ይርገጡልኝ!»

ሞተሩ ጮኸ፤ ጭሱ ግቢውን ዋጠው።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ተመልሰው መጡ ብለን ልንፈረጥጥ ነው!» አለ አንድ መንገደኛ። የሳቀለት የለም።

ሙሄዲን ከተርቦው የሚወጣውን ቱቦ ጨበጠ፤ ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ደንድኗል። ከአየር ማብረጃው አልፎ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ጨበጠ፤ እንደ ባዶ ስልቻ ይልፈሰፈሳል። ተርቦው ይነፋል፤ ንፋሱ ግን መሐል መንገድ ላይ ታግቷል።

«ያጥፉት!»

የቱቦውን ማሰሪያ ፈትቶ እጁን አስገባ። ጨርቅ ነካ። ሲስበው በዘይት ጠቁሮ፣ እየተግተለተለ ወጣ። አንገትጌው ላይ ብቻ ቢጫ ቀለም ቀርቶታል።

አወቀው፤ የያሬድ የኳስ ማሊያ ነው። ልጁ ከሚሊሻው ጋር ሊሄድ ሲል ይህንኑ ለብሶ እዚሁ ጋራዥ መጥቶ ነበር። «ሙሄ፣ መኪናዋን እንዳይወስዷት ምን ላድርጋት?»

«ባትሪ ብታወጣ ሌላ ያመጡላታል» ብሎት ነበር ሙሄዲን። «እዚህ ቱቦ ውስጥ ጨርቅ ጎስጉስባት። ትነሳለች፣ ታጨሳለች፣ አትሄድም። ሰልችቷቸው ይተዋታል። ለጋሼ ግን ንገራቸው።»

ያሬድ በጥድፊያ ሄደ፤ አልነገራቸውም። ሙሄዲንም በማግስቱ ልጆቹን ይዞ ወደ ገጠር ሸሸ፤ ጋሼ ነድተዋት መውጣታቸውን ሲሰማም ልጁ ምክሩን የተወው መስሎት ነበር። ዘዴው እንደታሰበው ሠርቷል፤ ተዋጊዎቹ ዳገቱ ላይ የቆመችውን ፒክአፕ ሞክረው ሞክረው ትተዋታል።

«ምን አገኘህ?» ጋሽ ማሩ ወርደው አጠገቡ ቆሙ።

ሙሄዲን ቢጫውን አንገትጌ በመዳፉ ጨመደደው። ተርቦው ነው ቢል፣ እኚህ ሰው የሚስታቸው ገዳይ ሆነው ሊኖሩ ነው። እውነቱን ቢናገር፣ ቅዳሜ አባት ልጁን በምን ዓይን ያየዋል?

«ተርቦው ደህና ነው፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«ቱቦ ስንፈታ ብሎን እንዳይገባበት አፉን በጨርቅ እንወትፋለን። ሰኔ ላይ... ሳላወጣው ገጠምኩት።»

«ማልልኝ።»

«ወላሂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ይህን ለመማል አልቸገረውም።

የሽማግሌው ትከሻ ረገብ አለ። «ልጅህ ረሂማ ስትወለድ ለእናቷ ገንፎ ያገነፋች ጥሩወርቅ ናት» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያ ግጠማትና ልሂድ። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ፒክአፗ ወደ ሲሪንቃ ስትወጣ ከኋላዋ አንዲት ቅንጣት ጭስ አልታየችም። ሙሄዲን ማሊያውን ሊያቃጥለው ክብሪት ከጫረ በኋላ ነው ልብ ያለው። ጋሽ ማሩ ቅዳሜ በዚያው ዳገት ሲመለሱ፣ የእናቱን አሟሟትና የሙሄዲንን ጨርቅ ለልጃቸው መንገራቸው አይቀርም። ያሬድ ደግሞ ጨርቁ የማን እንደሆነ ያውቃል።

ክብሪቱ ጣቱን ለበለበው። ማሊያውን አጥፎ ከመፍቻዎቹ ሥር አስቀመጠው። ልጁ አንድ ቀን እያነከሰ መምጣቱ አይቀርም፤ ለእሱ የሚሆን ውሸት ግን አልነበረውም።