ከሐስኑሃናው ሥር

ቁራው ዛሬም ከግንቡ ላይ አልወረደም። ኦኒሜሽ ስፌት በሌለው ነጭ የሐዘን ልብሱ ተጠቅልሎ፣ ባዶ እግሩን ጤዛ እያረጠበው፣ በሙዝ ቅጠል ላይ ካኖረው ቅቅል ሩዝ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ቁራው አንገቱን አዘንብሎ ሩዙን አየ። ቀጥሎ ወደ ግቢው ጥግ፣ ወደ ሐስኑሃናው ቁጥቋጦ አየ። ከዚያም ላባውን አራግፎ ወደ ወንዙ በረረ።

«አልበላም» አለች ሚስቱ ላቦንኖ ከበረንዳው ሆና። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው፣ በቤቱ ውስጥ እንቅልፉ የሚቀልለው ሰው የተኛ ይመስል ነበር።

የእኅቱ የሱሮማ ሐሳብ ግን ቁራው ላይ አልነበረም። ሐስኑሃና ጀምበር ሳትጠልቅ የማይሸት፣ ጎሕ ሲቀድ ቀጫጭን ነጭ አበቦቹን ጨምቆ ሽታውን ወደ ውስጡ የሚመልስ ተክል ነው። አሁን ፀሐይዋ ከወጣች ቆይታለች፤ ሽታው ግን አለ። ይባስ ብሎ የሚመጣው ከግቢው ሳይሆን ከጀርባዋ፣ ሟች አክስታቸው ኒሩባላ ከኖረችበትና ከሞተች ወዲህ ተቆልፎ ከቆየው ክፍል ነበር። ከፍታ ገባች፤ አልጋውን፣ ሣጥኑን፣ የመስኮቱን ደፍ ፈተሸች። አንዲት ቅጠል እንኳ አላገኘችም።

ኒሩባላ የአባታቸው እኅት ነበረች፤ ሁለቱም በአገሩ ልማድ ፒሺማ ይሏት ነበር። ልጅ ስላልወለደች ሐዘኑን የተሸከመው የወንድሟ ልጅ ኦኒሜሽ ነው፤ በቀን አንዴ ጨው የሌለው ሩዝ ይበላል፣ መንፈስ እንዳይጠጋው በወገቡ ቁራጭ ብረት ታጥቋል፣ ሙታን የሚሰናበቱበት ሥርዓት እስኪፈጸምም በበረንዳው ላይ በጭድ ምንጣፍ ያድራል። ከእጁ ሩዝ ቁራ ካልቀመሰ ግን ሟቿ አልረካችም ማለት ነው።

ከቀትር በኋላ ለቀስተኞች ፍራፍሬ ይዘው መጡ፤ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ሟቿን ያወድሱ ጀመር። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ባሏ ሞቶ፣ በመበለት ወግ የእጅ አምባሯ ተሰብሮ ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰችበት ቀን አንሥቶ ዓሣ በአፏ አለመግባቱን፣ ቀለም ያለው ክር ገላዋን አለመንካቱን፣ ፀጉሯ እንደተላጨ መኖሩን፣ ሽቶ ቀርቶ የአበባ ሽታ እንኳ ከልብሷ አለመውጣቱን አንዱ ከሌላው እየተቀበለ ተናገረ። ሰዎች ከሌላው የነጠቁትን ነገር የዚያ ሰው ምግባር አድርገው ሲያወድሱ ድምፃቸው ከወትሮው ይለሰልሳል። ሱሮማ ይህን እያዳመጠች የሻዩን ብርጭቆዎች ሰበሰበች።

«እንዲህ ያለች ንጹሕ ሴት ምን ጎድሏት ነው ቁራው እንቢ ያለው?» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ጨው ነዋ የጎደለው» አለ ከጥግ የተቀመጠ ሽማግሌ ባሏ። «እኔም ብሆን አልቀምሰው።»

«አንተ ምግብ የማትቀምስ ሆነህ ነው ሆድህ ቀድሞህ በር የሚገባው?» አለችው፤ ለቀስተኞቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

የቤቱ ካህን ሲገቡ ሳቁ ቆመ። ስለ ቁራው ሰምተው ነበር። ነፍሲቱን አንድ የወደደችው ነገር እዚህ ግቢ ውስጥ ይዟታል፤ እርሱ ካልተነቀለ ሥርዓቱ ቢፈጸምም መንገድ አታገኝም አሉ። ይህን ሲሉ ዐይናቸው ያረፈው ሐስኑሃናው ላይ ነበር። ኦኒሜሽ ሳያመነታ ነገ ከሰዓት በኋላ እንጨት ቆራጭ እንደሚያስመጣ ቃል ገባ። ላቦንኖ ከሁሉ በላይ እፎይ አለች፤ ሽታው እባብ ይጠራል ስለሚባል፣ በየክረምቱም ከሥሩ እባብ የጣለው ቆዳ ስለሚገኝ፣ እርሷ ልጆቿን ከምሽት በኋላ ወደዚያ አሳልፋ አታውቅም።

ካህኑ ከሄዱ በኋላ ሱሮማ ወንድሟን ለብቻው አገኘችው።

«ዳዳ፣ ተወው ዛፉን። በእጇ የተከለችው ነው።»

«በእጇ ስለተከለችው እኮ ነው» አለ ታላቅ ወንድሟ። «አስረን እናስቀራት ነው የምትዪው?»

ይህ ነገር አጥንቷ ውስጥ ገባ። ዛፉ ቢቆረጥ ፒሺማ በዚህ ምድር ትታው የሄደችው ብቸኛ ነገር ይጠፋል፤ ባይቆረጥ ደግሞ ያሳደገቻትን ሴት በገዛ ፍቅሯ ጠፍራ ታስቀራታለች። የትኛው ክፉ እንደሆነ አላወቀችም። በዚህ ላይ፣ ለማንም ያልነገረችው አንድ ነገር ነበር።

እናታቸው ስትሞት ሱሮማ ሕፃን ነበረች፤ ከፒሺማ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛ ነበር። አንድ ሌሊት ነቅታ በጎኗ ያለውን ቦታ ብትዳብስ ባዶ ሆኖ አገኘችው። በመስኮቱ ስታይ ከሐስኑሃናው ሥር ነጭ ነገር ተቀምጧል፤ ራሱ በአበባ ተሸፍኖ ፊት የለውም፣ እንደሚያንጎራጉር ሰው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ጮኸች። ብዙም ሳይቆይ ፒሺማ እጇ በጤዛ ቀዝቅዞ ገባችና አቀፈቻት፤ ያየሽው ሳትዳር የሞተች ሴት መንፈስ ነው፣ ዳግመኛ አትመልከቺ፣ ለማንም አታውሪ አለቻት። ከዚያን ሌሊት ወዲህ ሱሮማ አድጋ አስተማሪ ሆናም እንኳ ከምሽት በኋላ ወደዚያ ጥግ አልረገጠችም።

ቀን ቀን ግን ግቢው የሁለቱ ነበር። ፒሺማ የምትተክለው ሁሉ ነጭ፣ የሚፈካውም ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከበሰለ ቅርንጫፍ ላይ ቆርጣ በሰያፍ መትከልን፣ አበባው ሲያበቃ ጫፎቹን ያለ ርኅራኄ መከርከምን፣ የሰናፍጭ ፋጉሎ ዘፍዝፎ እስኪገማ አቆይቶ ለሥሩ ማጠጣትን አስተማረቻት። ዓሣ መንካት ቀርቶ ማሽተት የተከለከለችው ሴት፣ ከማድ ቤት የሚጣለውን የዓሣ እጣቢ በቆርቆሮ አስቀምጣ፣ አፍንጫዋን በልብሷ ጫፍ ሸፍና ለአበቦቿ ታፈስ ነበር። አንድ ነገር ብቻ በቁጣ ትከለክላት ነበር፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ አበባ አይቀጠፍም፣ ተክሉ ተኝቷልና።

በማግሥቱ ጧት ቁራው ጭራሽ አልመጣም። ረፋዱ ላይ በወንዙ በኩል ያለው የኋላ በር ተንኳኳ። ሱሮማ ስትከፍት ያገኘቻት ጆይጉን የተባለች፣ በጀልባ እየኖሩ እባብ ከሚያላምዱት ወገኖች የሆነች አሮጊት ነበረች፤ ቅርጫት በራሷ ላይ ተሸክማለች።

«ነጭ ለባሿ እመቤት የለችም?» ብላ ጠየቀች።

ሱሮማ መሞቷን ነገረቻት። አሮጊቷ ቅርጫቷን አውርዳ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። ከቅርጫቱ ውስጥም በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። እባብ የጣለው ሙሉ ቆዳ ነበር፤ እንደ ሐር የሳሳ።

«የዘንድሮው ነው» አለች። «አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ በየክረምቱ አመጣላታለሁ። የተቆላ ሩዝ ትሰጠኛለች።»

«ለምን ነበር የምትፈልገው?»

«ከአበባዋ ሥር ልትጥለው ነዋ፣ ልጄ። እባብ ሽታ ፈልጎ ይመጣል የሚሉት የከተማ ሰዎች ናቸው። እኔ ከእባብ ጋር ነው ያረጀሁት፤ እባብ እንቁራሪት እንጂ አበባ ምን ያደርግለታል? ይህንኑ ብነግራት ሳቀች። ‹ቀኑ የእነርሱ ነው፤ ምሽቱን ለእኔ ይተዉልኝ› አለችኝ።»

ሱሮማ በሩን ይዛ ቆመች። አሮጊቷ ሌላም ተናገረች፤ ሱሮማ ግን አልሰማቻትም። ፊት የሌለው ነጭ ነገር፣ በጤዛ የቀዘቀዘው እጅ፣ በሕፃንነቷ ያስጮኻት ያ ማንጎራጎር፣ ሁሉም አንድ ሰው ሆኖ ታያት። ስትጮኽ ያባረረችው መንፈስ አልነበረም። ያንን አሁን ለፒሺማ ማን ይነግርላታል?

ለወንድሟ መንገር ግን ቀላል አልሆነላትም። እውነቱን ብትናገር፣ ትናንት በንጽሕናዋ የተወደሰችው ሴት ከሞተች በኋላ በለቀስተኛ አፍ ትጣላለች። ዝም ብትል ዛፉ ይወድቃል። በረንዳው ላይ ኦኒሜሽን ከጭድ ምንጣፉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው፤ ጆይጉን ያለቻትን፣ በሕፃንነቷ ያየችውን፣ ሁሉንም ሳትቀንስ ነገረችው። ይደነግጣል ብላ ጠብቃ ነበር።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«መንፈስ እንዳልነበረ። እኔም አይቻታለሁ።»

ባገባበት ዓመት ነበር። አንድ ምሽት ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ቁጥቋጦው ሥር አያት። ክልከላውን አላፈረሰችም፤ አንዲት አበባ አልቀጠፈችም፣ ከራሷም ላይ አላሰረችም። ቅርንጫፎቹን ጎትታ በተላጨው ራሷ ላይ፣ በትከሻዋ ላይ አሳርፋቸው ዐይኗን ጨፍና ተቀምጣ ነበር። በዚህ ቤት ውስጥ እንደዚያ ያለ ፊት ኖሯት አያውቅም አለ ኦኒሜሽ። በእግሩ ጣቶች ተራምዶ ተመለሰ። በማግሥቱ እባብ በዝቷልና በዚያ በኩል ያለው መስኮት በሚስማር ይታሸግ ብሎ ለአባታቸው ነገረ፤ አባታቸውም ምንም ሳይጠይቅ አናጢ ጠራ።

«አባባም ያወቀ ይመስለኛል» አለ።

ሱሮማ ወንድሟን አየችው። የቤቱ ወንዶች እባብ ፈርተው አልነበረም ለካ፤ እያወቁ የፈሩ መስለው ነበር። ለአንዲት ሴት ጨለማውን ትተውላት ቸርነት ያደረጉ መስሏቸው ኖረዋል።

«ታዲያ አሁን ለምን ታስቆርጠዋለህ?»

ኦኒሜሽ በወገቡ ያለውን ብረት በጣቱ እያሻሸ ቆየ። ሲናገር ወደ ግቢው አላየም።

«ምሽት ምሽት ትመጣለች፤ ከዚህ ሆኜ አያታለሁ። ነፋስ ሳይኖር ቅርንጫፎቹ ጎንበስ ይላሉ። ሱሮማ፣ በሕይወት ሳለች ፊቴን አዞርኩባት፤ አሁን እርሷ ወደ እኔ ዞራ ነው የምትቀመጠው። ምንም አትልም። ታየኛለች።»

በሱሮማ ክንድ ላይ ያለው ጠጉር ቆመ። የማታውቀው ፍርሀት አልነበረም፤ በሕፃንነቷ ያስጮኻት ያው ነበር። አሁን ግን ስሙን ታውቀዋለች።

«ቁራው እንቢ ያለው ዛፉ ይዟት አይደለም» አለች በመጨረሻ። «እኛን ፈርታ ስትደበቅ ኖራ ሞተች። እሱንም ብንቆርጠው፣ ዳዳ፣ የት ትቀመጥ?»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ግቢው መለሰ።

ከሰዓት በኋላ እንጨት ቆራጩ መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ መጣ። ኦኒሜሽ ራሱ በር ድረስ ሄዶ ዛፉ እንደማይነካ ነገረው፤ ሰውየው ቀኔን አቃጠላችሁት ብሎ አጉረመረመ፣ ለቀስተኛ ያመጣውን ፓፓያ ተሸክሞም ተመለሰ። ላቦንኖ ባሏን ተከትላ ለካህኑ ምን ልትል ነው ብላ ጠየቀችው።

«እውነቱን» አለ። «ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እነግራቸዋለሁ። የሚያፍር ካለ እኔ ልፈር።»

«ቦውዲ» አለች ሱሮማ የወንድሟን ሚስት፣ «አንቺም ከእኛ ጋር ወደ ዛፉ ነይ። እባብ የለም።»

ላቦንኖ በእንቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ ልጆቿን በሁለት እጇ ወደ ቀሚሷ አስጠግታ ከደጃፉ ላይ ቀረች።

ጀምበር ስትጠልቅ ወንድምና እኅት በዚያ ሰዓት ረግጠውት ወደማያውቁት ጥግ አብረው ሄዱ። ከቁጥቋጦው ሥር ጡቦች ተደርድረው ዝቅተኛ መቀመጫ ሠርተዋል፤ መሐላቸው በብዙ ዘመን መቀመጥ ጎድጎድ ብሏል። ከግንዱ ራቅ ብለው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከወንዙ ማዶ የማምሻ ቀንድ መለከት ተነፋና ጸጥ አለ። ከዚያ አበቦቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ ሽታው በመጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቀጥሎም ትንፋሽ እስኪያሳጥር ወፍሮ ወረደ።

ነፋስ አልነበረም። ከጀርባቸው ቅርንጫፎቹ በዝግታ ጎንበስ ማለት ጀመሩ። ኦኒሜሽ አልተነሣም። እርሷም ወደ ኋላ አልዞረችም። የልብሷን ጫፍ ከጡቡ ላይ ሰበሰበችና ወደ ወንድሟ ፈቀቅ አለች፤ በእርሷና በግንዱ መካከል ለአንዲት ቀጭን ሴት የሚበቃ ቦታ ለቀቀች።