ከዜማው ሥር

ጠሃ ቤዝ ጊታሩን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈና ምንም ሳይናገር ወጣ። የሔራን ጣቶች በጊታሯ ክሮች ላይ እንዳሉ ቀሩ። አልወደደውም ማለት ነው። ደግሞስ ምኑን ይወደዋል? ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ ትልቅ ትንሹ የሚያውቀውን የባቲ ዘፈን፣ ዜማውን ሳትነካ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ቀይራዋለች። ዜማው አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ቤዙ ግማሽ ግማሽ ድምፅ ወደ ታች ይወርዳል፤ በአንድ ላይ የሚመታው የድምፆች ጥምር፣ ኮርዱም፣ አብሮት ይጠቁራል።

ጠሃ እስኪመለስ አዲሶቹን ኮርዶች አንድ በአንድ ከዘፈኑ አወጣቻቸው። ዘፈኑ ሰው እንደሚያውቀው ሆነ።

ሲመለስ የሸሚዙ እጅጌ እንደተጠቀለለ ነበር።

«የዐስር ሶላት ሊያመልጠኝ ነበር፣ ወላሂ። በይ፣ ከምትወርደዋ ቦታ እንቀጥል።»

«ትቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«የሚወርደውን። ነገ ለሚሰማን የአጋሮ ሰው ይከብዳል ብዬ።»

«የአጋሮ ሰው ደውሎ ነገረሽ?»

ተናደህ የወጣህ መስሎኝ ነው ልትለው ፈልጋ አፈረች።

«ሰግጄ እስክመጣ ዘፈን ታፈርሻለሽ?» አለ ጠሃ እየሳቀ። «ኤጋ፣ እንዲህ ከሆነ ከእንግዲህ ሽንት ቤትም አልሄድ!»

በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ አላረፉም፤ ኮርዶቹን ይመልሳሉ፣ ደግሞ ያወጣሉ። የአጋሮዋ ባለሆቴል ወይዘሮ የኔነሽ ምሳ ላይ ሊሰሟቸው ነው። ከወደዷቸው በየቅዳሜው ይጫወታሉ፤ ካልወደዷቸው ቦታው ኪቦርድ ለሚጫወተው ለዮርዲ ይሆናል።

«በየትኛው ነው?» አለ ጠሃ ሲወርዱ።

«በሚታወቀው።»

ትከሻውን ሰበቀ።

ሆቴሉ ውስጥ ወይዘሮ የኔነሽ ከሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «ልጆች፣ ሰው እየበላ ነው፤ እንዳታስደነግጡብኝ።»

ጀመሩ። ጥግ ላይ ጥብስ የሚበላ ሰውዬ ማንጎራጎር ያዘ፤ ሴትዮዋም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ሔራን ግን የምትጫወተው በሌላ ሰው እጅ መሰላት። ሁለተኛው ስንኝ መሐል ስትደርስ እጇን ከክሩ ላይ አነሳች። የጠሃ ቤዝ ጥቂት ብቻውን ሄዶ ቆመ።

«ከመጀመሪያው» አለችው። «የትናንቱን፣ የሚወርደውን።»

«ተበላሸባችሁ እንዴ?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ።

«አይ፣ እትዬ። አልተበላሸም።» ድምፅዋ እሳቸው ዘንድ መድረሱን እንጃ።

እንደገና ጀመሩ። ቤዙ መውረድ ሲጀምር ጥግ ያለው ሰውዬ ተከትሎ ሊያንጎራጉር ሞከረ፣ ጠፋበት፣ ወደ ጥብሱ ተመለሰ። ወይዘሮ የኔነሽ ስልካቸውን አወጡ። ሔራን አየቻቸው። ፊቷ ጋለ፤ ወደ ቀድሞው መመለስ አንድ ጣት ማንሳት ብቻ ነበር። አላነሳችም።

ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫወቱት። ወይዘሮ የኔነሽ ምሳ ጋብዘው ሸኟቸው፤ ቅዳሜው ለዮርዲ ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት ሔራንና ጠሃ ሸቤ ከተማ ሄደው ሌላ ሆቴል ውስጥ ለመጫወት ጠየቁ።