ግራ እጅ የተሻረበት ትምህርት ቤት

1.

ታውቃለህ? ቀኝ እጅህን አውጣ።

አታውቅም? ግራህን አውጣ።

ዋናው ነገር፣ እንግዳ ሲመጣ ማንም እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ።

ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንዷለም እባላለሁ፤ የአራተኛ ክፍል መምህር ነኝ። እጠይቃለሁ፣ ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል፣ ቀኝ ካወጡት አንዱን እጠራለሁ፣ ልጁ ይመልሳል፣ ከኋላ የተቀመጠው ሱፐርቫይዘር «ንቁ ተሳትፎ» ብሎ ጽፎ ይሄዳል። ስድስት ዓመት ሠርቶልኛል። ያኔ ብልሃት ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ስጽፈው ጆሮዬ ይግላል።

2.

ወይዘሮ አትክልት የሚባሉ ኢንስፔክተር መጡ። እንደ ሌሎቹ ከኋላ አልተቀመጡም። ጥያቄውን ራሳቸው ጠየቁ፣ ልጁንም ራሳቸው መረጡ። የተባባሉት ይህ ነው፦

ወይዘሮ አትክልት፦ ከመስኮቱ ሥር ያለሽው። ስምሽ ማነው?

ልጅቷ፦ ይታይሽ።

ወይዘሮ አትክልት፦ ጎበዝ፣ ይታይሽ። እስኪ ይህችን አንቀጽ አንብቢልኝ።

(ልጅቷ ወደ ግራ እጇ ታያለች)

ይታይሽ፦ ኧረ እኔ ግራዬን ነው ያወጣሁት።



የሳቀ የለም።

3. ቅጽ

የትምህርት ቤቱ ደረጃ፦ አንድ።*

አስተያየት፦ ከአራተኛ ክፍል አርባ ሁለት ተማሪዎች ሃያ ሦስቱ አንድ አንቀጽ ማንበብ አይችሉም። መምህሩ ይህን ያውቃል።

ውሳኔ፦ ከሰባት ወር በኋላ በድጋሚ ይታያል። ካልተሻሻለ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ያሉት ተማሪዎች ወንዝ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ።

* ከአራት ነው፤ አንድ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። «አንደኛ ወጣን» ብለው እልል ያሉ ወላጅ ነበሩ፤ የማስረዳቱ ዕጣ ለእኔ ደረሰ።

4.

ወንዝ ማዶ ማለት የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። የይታይሽ እናት ወይዘሮ ጥሩዓለም ቁርጤን ነገሩኝ።

«ልጄን ያንን ወንዝ አላሻግራትም። ማዶ ካላችሁ አራተኛን ትጨርስና ቤቷ ትቀመጥ።»

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ደረጃ ሲባል ቁጥር አይምሰልህ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደረጃ ማለት ይታይሽ ናት።

5. የተሻሻሉ ነገሮች

– የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር ተገጠመለት።

– ግቢው ታጠረ። የጎረቤት በሬ ከእንግዲህ ሁለተኛ ክፍል አይገባም።

– ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ። ቁልፉ ለካ ዘበኛው ኪስ ውስጥ ነበር፤ የጠየቃቸው አልነበረም።

– ግራ እጅ ተሻረ።

ከባዱ የመጨረሻው ነው። ሃያ ሦስቱን ልጆች በየጠዋቱ ከደወል በፊት ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ሰብስቤ ከ«ሀ» ጀመርኩ። የአንደኛ ክፍል ልጆች ሳቁባቸው። እኔ ደግሞ በስድስት ዓመት ውስጥ ሳያነቡ ወደ አምስተኛ ያሳለፍኳቸው ሁሉ ፊቴ እየመጡ አፈርኩ። ይታይሽ ከሦስት ወር በኋላ ለእኔ ብቻ፣ በሹክሹክታ፣ ማንበብ ጀመረች። ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱንም እጆቿን ብብቷ ሥር ከታ ትቀመጣለች።

ሰባት ወር።

አንድም ቀን አላወጣችም።

6. ዋዜማ

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሽባባው ከቢሮው ጀርባ ያዙኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አጥሩን በገዛ እጃቸው ነው ያጠሩት።

«አንዷለም፣ የግራ እጁን ደንብ ለነገ ብቻ መልሰው።»

«ልጆቹ ትተውታል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ያቺ ልጅ ነገ እናቷን ታግዝ። አንድ ቀን ብትቀር ምን ትሆናለች?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬ እሺ ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ ይታይሽ ቤት ሄድኩ፤ እንዳትመጣ ልነግራቸው። ወይዘሮ ጥሩዓለም የልጅቷን ዩኒፎርም አጥሩ ላይ እያሰጡ አገኘኋቸው።

«ለነገ ነው ያጠብኩላት» አሉኝ። «ዛሬ ማዳበሪያው ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችልኝ፣ አላመንኳትም። እርስዎን ምን እግር ጣለዎት፣ መምህር?»

«ነገ እንዳትቀር ልል ነው» አልኩ።

ይህን የተናገርኩት እኔ መሆኔ አሁንም ይገርመኛል።

7.

«ማን ያነብልኛል?» አሉ ወይዘሮ አትክልት።

ሠላሳ አንድ ቀኝ እጅ ወጣ። አሥር ልጆች እጃቸውን ዴስኩ ላይ አኖሩ። አንዷ ብብቷ ሥር። በሩ ላይ የቆሙት አቶ ሽባባው በላብ ተጠመቁ።

ሴትዮዋ ሄደው መስኮቱ ሥር ቆሙ።

«ይታይሽ። አልረሳሁሽም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ይህች ልጅ ታነባለች?»

መምህሩ ያውቃል ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው።

«ለብቻዋ ታነባለች። ሰው ፊት ታነብ እንደሆነ ግን አላውቅም» አልኩ። እውነቱ ይኸው ነበር። እውነት ተናግሬ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ይታይሽ ከብብቷ ሥር እጇን አወጣች።

ቀኟን።

ተነሣች። መጽሐፉን በግራዋ ያዘች። ቀኝ እጇን ማውረድ ረስታዋለች፤ እንደተሰቀለ ነው።

«ዝ… ና… ቡ…» አለች።

ቀጥሎ ያለው ቃል ረጅም ነው።



8. ቅጽ

የትምህርት ቤቱ ደረጃ፦

አስተያየት፦ መምህሩ… (ወይዘሮ አትክልት እዚህ ላይ ብዕራቸውን አቁመው ያዳምጣሉ፤ ይታይሽ ገና እያነበበች ነው።)