ለትንሽ ውሃ የሚሆን ማሞቂያ

ልጃችን ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ዓሣዋን እኛ ላይ ጥላው ሄደች። ብዛቱ አንድ ነው። የሚኖርበት የመስታወት ሣጥን ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም፤ ሁለት ጆግ ውሃ ከገለበጡበት አፉ ድረስ ይሞላል። እሷ "አኳሪየም" ትለዋለች፣ እኔ ሣጥን እለዋለሁ። ዓሣው ቀይ ነው። ክንፉን እየጎተተ፣ ማንንም ከቁብ ሳይቆጥር ወዲያ ወዲህ ስለሚል ባለቤቴ "ጌታው" ብሎ ስም አወጣለት።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከዓሣ ጋር ጉዳይ የለኝም። ቀኑን ሙሉ የምውለው የሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ነው፤ ዓሣ የማውቀው ሲጠበስ ነው። ባለቤቴ ግን ወደደው። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ ወደ ሣጥኑ ሄዶ "ጌታው፣ እንዴት ዋልክ?" ይላል፤ የኔ ተራ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቅር ብሎኝ አያውቅም ብል ውሸት ነው።

ብርዱ ሲገባ ጌታው ሌላ ሆነ። ጠጠሩ ላይ ተጋድሞ መዋል አመጣ፣ ምግቡን ዞር ብሎም አያየው። ለልጃችን ደወልንላት።

"እማዬ፣ በርዶት ነው" አለች። "የሞቀ ውሃ ፍጥረት ነው እኮ። ማሞቂያ ግዙለት፣ አለዚያ ይሞትባችኋል።"

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ መንትፎ "ማንም አይሞትም" አላት።

ይህ ሰው ልብስ ተኳሽ ነው። አንድ ትልቅ ላውንደሪ ውስጥ ማሽን የማይደፍራቸውን ስስ ስሱን ሁሉ፣ ሐሩን፣ ዳንቴሉን፣ የሙሽራ ቀሚሱን፣ በእጁ የሚተኩሰው እሱ ነው። ካውያ ሙቀት መምረጫ እንዳለው ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ እሱ ግን አያምነውም። ጣቱን በምራቁ እርጥብ ያደርግና የካውያውን ሆድ ቸብ ያደርጋል። "ገና" ይላል፣ ወይም "በቃ" ይላል፣ አለቀ። ባልደረቦቹም ካውያቸውን እያንጠለጠሉ እሱ ዘንድ ይሰለፋሉ። "ቴርሞሜትሩ" ነው የሚሉት። ያቺ እጅ አንድ ነገር ብትሆን የላውንደሪው ባለቤት ለዓይኑ ብሎ እንደማያቆየው እሱም እኔም እናውቃለን። ሌላ ሙያ ደግሞ የለውም፤ ሚስማር እንኳ አጣምሞ ነው የሚመታው። እንደ ሰው ቀና ብሎ የሚሄደው በዚያች እጅ ነው።

እቤትም ያው ነው። ልጃችን ሕፃን ሳለች የገላዋን ውሃ የሚለካው እሱ ነበር። እኔ "ለብ ብሏል" ካልኩ እጁን ይሰድና "ኧረ ይሄማ ልጅቷን ይልጣል" ይለኛል። "ድስት ሲያወርድ የኖረ እጅ ምን ያውቃል? ያንቺ ደንዝዟል።" አይ፣ ውሸት አይደለም፤ የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ ነው የማወርደው። ስለዚህ በእኛ ቤት "ለብ ያለ" የሚባለው ምን ያህል እንደሆነ ፈራጁ እሱ ነው። እኔ በሙቀት ጉዳይ ድምፅ የለኝም።

ቅዳሜ ዕለት ዓሣ መሸጫው ሱቅ ሄድን። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የመስታወት ሣጥን ነው፤ ሁሉም ይንፎለፎላል፤ ወለሉ እርጥብ፣ አየሩ የታመቀ። ሻጩ እጅጌው እስከ ክርኑ የራሰ፣ ሳቂታ ጎልማሳ ነው።

"ምን ልርዳህ ፋዘር?" አለው። ባለቤቴ ፊቱን ቋጠረ። ፋዘር መባል አልለመደም።

"ለዓሣ ማሞቂያ።"

"ሣጥኑ ስንት ሊትር ይይዛል?"

ባለቤቴ በሁለት እጁ ስፋቱን አሳየው። "ሁለት ጆግ" አልኩ እኔ።

"እሱማ ብርጭቆ ነው በሉኛ" ብሎ ሳቀና ሦስት ማሞቂያ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። አንዱ ክንድ የሚያክል የመስታወት ዘንግ ነው። "ይሄ ለትልልቆቹ ነው። እናንተ ጋ ከገባ ዓሣችሁን ተቀቅሎ ታገኙታላችሁ።" ሁለተኛው እንደ ብስኩት ጠፍጣፋ፣ ማዞሪያ የሚባል ነገር የሌለው። "ይሄ ዝም ብሎ ያሞቃል። ቤቱ ሲበርድም ያሞቃል፣ ፀሐይ ሲወጣም ያሞቃል። በቃኝን አያውቅም።"

ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ልክ እንደ እህትሽ ወሬ" አለኝ። በክርኔ ጎሸምኩት።

ሦስተኛው ጣት የሚያክል ሆኖ አናቱ ላይ ማዞሪያ አለው፤ ውሃው የተባለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ራሱ ይጠፋል። "የናንተ ይሄ ነው" አለ ሻጩ። "ግን ማዞሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳታምኑት። ትንሽ ውሃ አመለኛ ነው፤ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎ ይበርዳል። ቴርሞሜትር ጨምሩና እያያችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት።"

"ማሞቂያውን ስጠኝ" አለ ባለቤቴ። "ቴርሞሜትሩ እቤት አለ።" እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየው። ሻጩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ኮራሁበትም።

እቤት እንደገባን ማሞቂያውን ሣጥኑ ጥግ ላይ አጣበቀው። ቆየት ብሎ ጣቱን ነከረ። "ገና።" ማዞሪያውን ከፍ አደረገ። እሑድ ጠዋትም "ገና ነው" አለና ከፍ አደረገ። ጌታው ከጠጠሩ ተነሥቶ መዋኘት ሲጀምር ሁለታችንም ደስ አለን፤ ለልጃችንም ደውለን ተመጻደቅንባት።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ጌታው ከላይ ተሰቅሏል። አፉን ከውሃው አውጥቶ አየር ይጎርሳል፣ ጉንጩ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። እጄን ነከርኩ። ለዓሣ አይደለም፣ ለገላ መታጠቢያም ይበቃል።

ባለቤቴ ሲገባ "የዚህ ውሃ ሙቀት በዝቶበታል" አልኩት።

ጣቱን ነከረና ትንሽ ቆየ። "ለብም አላለ። እንዲያውም ቀዝቀዝ ብሏል።"

"እኔ ሞቀኝ።"

"ያንቺ እጅ..."

"ድስት፣ አውቃለሁ" አልኩና ተውኩት። የዘመናት ክርክራችን ነው፣ ማን ይረታ እንደነበረም ይታወቃል። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ድሮ "ይፈጃል" ባዩ እሱ፣ "ምንም አይልም" ባይዋ እኔ ነበርኩ። አሁን ተገላብጦብናል። እሱን ሳስብ ማዞሪያውን ደግሞ ከፍ አደረገው።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሹልክ ብዬ ከዚያው ሱቅ ቴርሞሜትር ገዛሁና ከሥራ ስመለስ ሣጥኑ ውስጥ ሰካሁት። ሠላሳ አራት አለ። ስገዛ ሻጩ የነገረኝ ሃያ ስድስት ነው። ጌታው አንድ ጎኑን ዘመም አድርጎ ተንሳፍፏል። ማሞቂያውን ነቀልኩት። ወዲያው ባለቤቴ ሲገባ ቁጥሩን አሳየሁት።

"ተበላሽቷል" አለ።

"ገና ዛሬ የተገዛ ነው እኮ!"

"አዲስ ዕቃ አይበላሽም ያለሽ ማነው? ተነሺ፣ እንመልሰው።"

ወይ ፍንክች አለ። ቴርሞሜትሩን ይዤ አብሬው ሄድኩ፤ ለነገሩ እኔም ሻጩ ልክ ልኩን እንዲነግርልኝ ፈልጌ ነበር።

ሻጩ አልተከራከረም። ጎድጓዳ ሳህን ላይ ሙቅ ውሃ ከቧንቧ ሞላ፣ የኛንና ሌላ አዲስ ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ከተታቸው። ሁለቱም እኩል እየወጡ ሄደው አርባ ሰባት ላይ ቆሙ።

"ይኸው ፋዘር፣ ደህና ናቸው።"

ባለቤቴ ሳህኑን አየው። እንፋሎት የለውም፤ በዚያ በታመቀ ሱቅ ውስጥ ከየት ይታያል። አራት ጣቶቹን ነከረ። "ሁለቱም አንድ ፋብሪካ ስለሆኑ ነው እኩል የሚዋሹት" አለ ፈገግ ብሎ። "ይሄ ውሃ ለብም አላለ።"

ሻጩ መሳቁን ተወ። "ፋዘር፣ ይፈጃል እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

ባለቤቴ እጁን አላወጣም። ጣቶቹ እየቀሉ ነበር። እኔ ያቺን ደንዝዛለች የተባለች እጄን ከጎኑ ነከርኩ፤ ወዲያው አወጣኋት። ድስት የለመደው የኔ እጅ ያልቻለውን ውሃ እሱ እጁን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነክሮበት ቆሟል። አንጓውን ይዤ እጁን አወጣሁለት። እሺ ብሎ ተወልኝ። ያኔ እጁ እንደማይሰማው ራሱም እንደሚያውቅ ገባኝ።

ቴርሞሜትሩን መልሼ ያዝኩና ወደ ቤት መንገድ ጀመርን።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ቆይቷል። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ ነበር። ስኳሩ ነው መሰለኝ።" ስኳር እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን፤ ኪኒኑን በየጠዋቱ ይውጣል፣ ሐኪሙ ጋ ሂድ ሲሉት ደግሞ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

"ታዲያ ካውያውን በምንህ ነው የምትለካው?"

"በጆሮዬ" አለ። "እርጥብ ጣት ሲነካው ችስስ ይላል። ከድምፁ አውቀዋለሁ፤ እስካሁን አንድ ልብስ አላቃጠልኩም። ውሃ ግን ምንም አይናገርም።"

ይሄኔ ተናደድኩ። ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩ። "ጌታው ሊሞት ነበር እኮ። ያንን ሁሉ ስትወደው!"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅክ ማዞሪያውን ታሽከረክራለህ? የኔን እጅ ደንዝዟል እያልክ?"

"ምን ልበል ታዲያ? አልሰማኝም ብል ሥራህን ተው ትይኝ ነበር።"

"አዎ፣ እል ነበር። ነገ ጆሮህ ቢሳሳትስ?"

"ነገ የሙሽራ ቀሚስ አለብኝ" አለና እርምጃውን አፈጠነ።

እቤት ገብተን ውሃውን ለዘብ እስኪል ቀዝቃዛ እየጨመርን፣ ማሞቂያውን መልሰን ሰክተን በቴርሞሜትሩ እያየን ሃያ ስድስት ላይ አቆምነው። ማዞሪያውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ቁጥሩን ያነበበው እሱ። ጌታው ጎኑን አቅንቶ ወደ መሐል ወረደ። ስለ እሱ ይብቃ።

ጠዋት ልብሱን ለብሶ ወደ ኩሽና መጣ። ይህንን አልነገርኳችሁም። ካለፈው ዓመት ወዲህ በየጠዋቱ ሸሚዙን እንደከፈተ ይመጣና አገጩን ቀና አድርጎ ፊቴ ይቆማል። "ቆልፊልኝ" ይላል። የኮሌታውን፣ ከዚያ የእጅጌውን እቆልፍለታለሁ። በስተርጅና ፍቅር ያዘው ብዬ ነበር። ደስታዬን አልችለው ብዬ ለእህቴ አውርቼላታለሁ፤ እሷም ባሏን ስታስቸግረው ሰነበተች።

ያን ቀንም እንደ ልማዱ መጥቶ ቆመ። ቁልፎቹን አየኋቸው። ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጡ፣ ተንሸራታች ነገሮች ናቸው። ለካ ጣቱ አይይዛቸውም።

"ዛሬ ለላውንደሪው ባለቤት እነግረዋለሁ" አለ ጣሪያውን እያየ።

የኮሌታውን ቆለፍኩለት። እጅጌውን ዘረጋልኝ።

"እኔ እኮ ፍቅር ነው ብዬ ነበር" አልኩት።

"እሱም ነበረበት" አለኝ።

ሌላኛውን እጅጌም ቆልፌ ሸኘሁት። የሙሽራዋን ቀሚስ በዚያን ቀን ሌላ ሰው ተኮሰው።