ከገደሉ የጎደለው ድንጋይ

የወላጅ ኮሚቴው ስለ ዓለቶች ዕድሜ የሚናገረው ምዕራፍ እንዳይሰጥ በወሰነ ማግስት፣ ከትምህርት ቤቱ በስተጀርባ ካለው ገደል የታችኞቹ ሁለት የድንጋይ ንብርብሮች ጠፉ። የላይኛው አልወደቀም። አራቱን መማሪያ ክፍሎችና የጥበቃውን ጎጆ እንደተሸከመ አየር ላይ ቆመ። ከሥሩ ፍየሎች ገብተው ተጠለሉ።

መምህርት ፋንቱ ደርበው በዚያ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሳይንስ አስተምራለች። ጠዋት ገደሉን ቁልቁል አየች፤ ክፍል ገባችና የተከለከለውን ምዕራፍ ርዕስ ሰሌዳው ላይ ጻፈች።

«መምህርት፣ ተከልክሏል እኮ» አለቻት የክፍሉ አለቃ ሰዓዳ።

«ሰምቻለሁ። ደብተር አውጡ።»

የዚያን ቀን ስለ አሸዋ ድንጋይ አስተማረች። ደወል ሲደወል የአሸዋ ድንጋዩ ቦታው ተመልሶ ነበር። ፍየሎቹ ለጥቂት አመለጡ።

በማግስቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ውብአለም ደብዳቤ ይዘው መጡ። አንዱ ንብርብር ገና ስላልተመለሰ ወለሉ ወደ ገደሉ ዘሟል፤ በሩን ተደግፈው ቆሙ።

«ምድር ያን ያህል አላረጀችም። ልጆቻችንን እምነት እያሳጡብን ነው።»

«እኔም ዛሬ ጾመኛ ነኝ፣ አቶ ውብአለም። ድንጋዩ ግን ብጾምም ብፈስክም ዕድሜው ያው ነው።»

«ከነገ ጀምሮ ታግደዋል። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«ክፍለ ጊዜዬን ልጨርስና።»

ጠመኔው እጇ ላይ ተሰበረ፤ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚሁ ሥራ ነው። በስባሪው ቀጠለች። ስለ ኖራ ድንጋይ ነገረቻቸው፦ ከስንት ሚሊዮን ዓመት በፊት እዚህ ባሕር እንደነበረ፣ ዛጎል በዛጎል ላይ እየተነባበረ ድንጋይ እንደሆነ፣ ዕድሜውም በምን እንደሚታወቅ።

«ባሕር? እዚህ?» አሉ ሰብሳቢው።

«እዚሁ፣ የቆሙበት።»

ደወሉ ተደወለ። ማንም አልተነሳም። ርዕሰ መምህሩ ደግመው ደወሉ። ሰዓዳ ጥያቄ ነበራት፤ ከሰዓዳ ቀጥሎ ሌሎች አሥራ አንድ ልጆች እጃቸውን አወጡ። መምህርቷ ለሁሉም መለሰች። በመጨረሻው መልስ ላይ ወለሉ ተቃና።

ከዚያ ደብዳቤውን ተቀብላ ፈረመችና መለሰችላቸው።

«ነገ ከአጥሩ ውጭ ዋርካው ሥር አስተምራለሁ» አለች። «ዋርካው የኮሚቴው አይደለም።»

አቶ ውብአለም ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«በስንት ሰዓት?» አሉ።

«በሁለት።»

ሁሉም ገደሉን ሊያዩ ወጡ። የኖራ ድንጋዩ ቦታው ገብቷል፤ ገና እርጥብ ነው፤ ጨዋማ ውሃ ያንጠባጥባል። በድንጋዩ ውስጥ አንድ ዓሣ ቀስ ብሎ ዞረና ወደ ውስጥ እየዋኘ ሄደ።