ስድስተኛው እጥፍ

ጋሽ ሙጫ በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራቸው ከአሥር ሺህ የማያንሱ መጻሕፍት ጠግነዋል። ከእነዚህ ውስጥ ያነበቧቸው በአንድ እጅ ጣቶች ይቆጠራሉ፤ ጣትም ይተርፋል። ይህን ሲናገሩ አያፍሩም። «ሐኪም ቁስሉን አጥቦ ይሰፋል እንጂ፣ ቁስለኛው ከማን ጋር እንደተጣላ ምን አገባው?» ይላሉ። ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ እንደሆነ የነገራቸው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

የሚሠሩት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ የብረት መጭመቂያ፣ ወስፌና መርፌ የተሰኩበት የቡሽ ቁራጭ፣ ክር የሚያሹበት ድቡልቡል ሰም፤ ጣሪያው ሥር ደግሞ የመንገደኛ ጫማ ብቻ የሚታይበት ጠባብ መስኮት አለ። ጋሽ ሙጫ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በጫማው ያውቁታል። መንገድ ላይ ሲያገኙትም መጀመሪያ ወደ ታች ያያሉ፤ ሰዉ «እንዴት ያሉ ትሑት ናቸው!» ይላል።

ከላያቸው፣ ከእንጨቱ ወለል በላይ፣ የልጆች ክፍል አለ። ኃላፊዋ እትዬ ጸጥታ ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው። «ጸጥታ!» ሲሉ ድምፃቸው ምድር ቤት ወርዶ የሙጫውን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠዋል።

እትዬ ጸጥታ ሐሙስ ሐሙስ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ልጆቹ ሳይሰለቹ የሚያስነብቧቸው የጥንት ግሪኮችን ተረት በሥዕል የሚተርክ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበር። ክንፍ ያለው ፈረስ፣ ግንባሩ ላይ ባለ አንድ ዓይን የሚያፈጥ ግዙፍ ሰው፣ ፀጉሯ እባብ የሆነች ሴት፤ ሁሉም በደማቅ ቀለም ተሥለዋል። ባለእባቧን ሴትዮ ልጆቹ ከመውደዳቸው የተነሳ በጣታቸው ሲዳብሷት ኖረው አፍንጫዋን አጥፍተውታል።

የጋሽ ሙጫ የልጅ ልጅ ሚጢ ግን ለእባብም ለፈረስም ግድ አልነበራትም። ሚጢ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ሩቅ ቦታ፣ በማዕድን ቆፋሪዎች ካምፕ ውስጥ ምግብ ታበስላለች፤ ስድስት ወር እዚያ፣ ስድስት ወር እዚህ። እናቷ ስትሄድ ሚጢ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ፐርሴፎኔ የምትባል ልጅ አለች። አበባ ስትቀጥፍ መሬቱ ተሰንጥቆ፣ የሙታን ንጉሥ ሄዲስ በሠረገላው ጭኗት ወደ ታች ይወርዳል። እናቷ ዲሜትር የአዝመራ አምላክ ናት፤ «ልጄ ካልተመለሰች አንድ ቅጠል አይበቅልም» ብላ ታድማለች። ልጅቷ ግን ከታች ሳለች ስድስት የሮማን ፍሬ ቀምሳ ኖሮ፣ በየፍሬው አንድ አንድ ወር እዚያው እንድትቆይ ይፈረድባታል። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ትወጣለች።

ሚጢ ይህን የሰማች ዕለት «እንደ እማዬ ነዋ!» አለች፤ በቃ። ስድስት የልብስ ቁልፎች ለቃቅማ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተተች። ወር ባለቀ ቁጥር አንድ ታወጣለች። አሁን ቀፎው ውስጥ የቀረው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጆሮዋ ሥር አድርጋ ታንቋቋዋለች።

መጽሐፉ ታዲያ ብዙ እጅ ሲገለብጠው ኖሮ አንድ ቀን ተበተነ። እትዬ ጸጥታ በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘውት ወረዱ።

«ጋሼ፣ ለነገ ይደርሳል?»

«ይሄ መጽሐፍ ነው ወይስ የተቦጨቀ ጎመን?»

«ልጆቹ ይጠብቁኛል።»

«ይጠብቁ እንጂ። መጠበቅም ትምህርት ነው» አሉ ጋሽ ሙጫ፤ ወዲያው ግን መቀሱን አነሱ።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ ገጽ በገጽ አይሰፋም። ጥቂት ትልልቅ ወረቀቶች አንድ ላይ ይታጠፉና፣ ጋሽ ሙጫ «እጥፍ» የሚሉት ነገር ይሆናሉ፤ እጥፍ በእጥፍ ላይ እየተደረበ ይሰፋል። ይህኛው ስምንት እጥፍ ነበረው። ለልጆች ተብሎ የተሠራ ስለሆነ የገጽ ቁጥር የለውም። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን ቅደም ተከተሉን ለማወቅ ያነብ ነበር። ጋሽ ሙጫ የሚያነቡት እድፉን ነው። ሻይ የፈሰሰበት መጽሐፍ እድፉ ከፊት ሰፍቶ ይጀምርና ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ ትልቁን ከፊት፣ ትንሹን ከኋላ ማድረግ ብቻ ነው። በዚህ ዘዴ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጊዜም ተሳስተው አያውቁም።

ስድስተኛውን እጥፍ በአንድ እጅ፣ ሰባተኛውን በሌላው ይዘው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ነበረች።

«አባዬ፣ የምትተካኝ ሴትዮ አልመጣችም። ሁለት ወር ጨምሪ ብለውኛል።»

«እምቢ አትያቸውም?»

«እምቢ ብልስ አራት መቶ ሰው ምን ይበላል?» አለች። «ለሚጢ አንተ ንገራት። ከእኔ ከሰማችው ታለቅሳለች።»

«ከእኔ ከሰማችው ትስቃለች?»

መስመሩ ተቋረጠ። ጋሽ ሙጫ ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው ሁለቱን እጥፎች አዩ። መጽሐፉ ላይ ከፊት ሻይ፣ ከኋላ ደግሞ ጭማቂ ፈሶበት ኖሮ፣ ሁለቱ እድፎች መሀል ላይ ተገናኝተው ያው አንድ ዓይነት ቡና ቀለም ሆነዋል። እኩል ናቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ወደ ብርሃን ያወጧቸው ነበር። ዛሬ ግን ዓይናቸው ላይ የሚመጣባቸው የሚጢ የክብሪት ቀፎ ነበር። አንዱን አስቀደሙ፣ ሰፉት፣ ሙጫ ቀቡት፣ መጭመቂያው ውስጥ አስገቡት።

ሐሙስ ከሰዓት እትዬ ጸጥታ ማንበብ ጀመሩ። እትዬ ጸጥታ ሲያነቡ አንድ ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ፣ ሌላው ልጆቹ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚያነቡትን ግማሹን ብቻ ይሰሙታል። ጋሽ ሙጫ ከታች ሆነው በወለሉ ስንጥቅ ያዳምጣሉ።

«...ፐርሴፎኔም ስድስት የሮማን ፍሬ በላች።» ገጹ ተገለበጠ። «ልጁ የክሩን ጫፍ በሩ ላይ አሰረና ወደ ጨለማው ገባ።»

ጋሽ ሙጫ ወስፌያቸውን አስቀመጡ። የምን ልጅ?

ልጁ ቴሴዎስ ነበር፤ የሌላ ተረት ሰው። ሰባተኛው እጥፍ ስድስተኛውን ቀድሞ ገብቶ ኖሯል። እትዬ ጸጥታ አንዱን ቆንጣጭ በዓይናቸው እየቀጡ ቀጠሉ። ልጁ ክሩን እየተረተረ፣ መውጫው በማይገኝ ቤት ውስጥ ሄዶ ሄዶ የበሬ ራስ ያለውን ጭራቅ አገኘ፤ ታግሎ ጣለው፤ ክሩን ተከትሎ ወደ ፀሐይ ወጣ። ገጹ ተገለበጠ። «በሩም ተከፈተ፤ ፐርሴፎኔ ወጣች፤ እናቷም ሮጣ አቀፈቻት።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። ልጅቷ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ በደንብ ወጥታ አታውቅም ነበር።

ቀጥሎ ደግሞ አንድ ንጉሥ መውጫው በማይገኝ ቤት ውስጥ ባለበሬ ራስ ጭራቅ እንዳለው ተነበበ።

«ሞቶ የለ እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ።

«ያኛው ሌላ ነው! ወንድሙ ነው!»

ቴሴዎስ መጥቶ በሩ ፊት ቆመ። ገጹ ሲገለበጥ አንድ አባትና ልጅ ክንፍ ሠርተው ከባሕር በላይ በረሩ።

«አየሽ፣ ሁለተኛውን ሲያየው ፈራና በረረ።»

«እኔም ብሆን እበር ነበር።»

«ጸጥታ!» አሉ እትዬ ጸጥታ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

ሚጢ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

«አባባ! ለካ ልጅቷን የሚያወጣት ሰው አለ! ክር ስጠኝ።»

«ለምን?»

«በራችን ላይ ላስረው ነዋ። እማዬ በየት በኩል ትመጣለች ታዲያ?»

ጋሽ ሙጫ «የኔ ልጅ፣ ስሚ» ብለው ጀመሩ። ከዚያ አንድ ድውር የመጽሐፍ ክር አውጥተው ሰጧት። ያን ዕለት ክሩ ከቤታቸው በር እጀታ ተነስቶ፣ በወንበር እግር ዞሮ፣ እስከ ሚጢ አልጋ ተዘረጋ። ጋሽ ሙጫ ውሃ ሊጠጡ በተነሱ ቁጥር እንደ ሽመላ እግራቸውን እያነሱ ይሻገሩት ጀመር።

አርብ ጠዋት ጋሽ ሙጫ መጽሐፉን መልሰው አወረዱት። ስለ ስህተቱ ለማንም አልተናገሩም፤ በሠላሳ አንድ ዓመታቸው የመጀመሪያው ነው፣ እንዴት እንደሚነገርም አያውቁበትም። ስፌቱን ፈተው፣ ስድስተኛውን በስድስተኛው፣ ሰባተኛውን በሰባተኛው ቦታ አደረጉ። ይህን ሲያደርጉ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት። ልጅቷን የሚያወጣት ማንም የለም። ጊዜው ይሞላል፣ በሩ ይከፈታል፤ አለቀ። ጊዜው ባይሞላስ የሚል ነገር አልተጻፈም።

ቅዳሜ ልጃቸው ደወለች። «ነገርካት?»

«መስመሩ ጥሩ አይደለም» አሉ ጋሽ ሙጫ፤ መስመሩ እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ከላይ ጩኸት ተነሳ። የእትዬ ጸጥታ ድምፅ እንኳ ሊያሸንፈው አልቻለም። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ጸጥታ መጽሐፉን ይዘው ወረዱ፤ ሚጢ ከኋላቸው።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉት ይህን መጽሐፍ?»

«አስተካከልኩት።»

«ልጆቹ ተበላሽቷል እያሉ ነው። ክር ያለው ልጅ የት ሄደ ይላሉ።»

«አለ። ትንሽ ቆይቶ ይመጣል።»

«ትንሽ ቆይቶማ ምን ያደርግላቸዋል? ልጅቷ ብቻዋን ወጣች እኮ!» አሉ እትዬ ጸጥታ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ማለትም እንደ ሌላ ሰው ተናገሩ። «እውነት ለመናገር እኔም ያኛውን ነው የወደድኩት።»

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ሚጢ ግን ቀረች። የክብሪት ቀፎው እጇ ውስጥ ነው።

«ማን ነው ታዲያ የሚያወጣት?»

«ማንም። ጊዜዋ ሲደርስ ትወጣለች።»

«ጊዜዋ ቢረዝምስ?»

ጋሽ ሙጫ ጫማ ወደሚታይበት መስኮት አዩ። የሚያውቁት ጫማ ቢያልፍ ደስ ባላቸው ነበር፤ ስለ ጫማው አንድ ነገር ይሉ ነበር። ማንም አላለፈም።

«ረዝሟል የኔ ልጅ» አሉ። «እናትሽ በሚቀጥለው ወር አትመጣም። ሁለት ወር ጨምረውባታል።»

ሚጢ አላለቀሰችም። ቀፎውን ከፍታ አንዷን ቁልፍ አየቻት።

«ተጨማሪ ፍሬ በላች?»

«ማን?»

«እማዬ።»

ጋሽ ሙጫ አሰቡበት። «አዎ። ሁለት።»

«እንዳትበላ ማንም አልነገራትም?»

«የምትተካት ሴትዮ አልመጣችም። እሷ ከሄደች አራት መቶ ሰው ጦሙን ያድራል።»

«መቼ ነው የነገረችህ?»

«ባለፈው ሳምንት። ረቡዕ።»

ሚጢ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ጋሽ ሙጫ ከዚያ በፊት እንደዚያ የተመለከታቸው አንድ የኦዲት ሠራተኛ ብቻ ነበር።

«ረቡዕ» አለች። «ሐሙስ ክር ስጠይቅህ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እና ዝም ብለህ ሰጠኸኝ።»

«መናገሩን ፈራሁት። ክሩ ይቀለኛል ብዬ ነው።»

ሚጢ ይህን ተቀበለችውም፣ አልተቀበለችውም። ቀፎውን ወደ አያቷ ገፋችው። «ሁለት ቁልፍ አምጣ።»

መጽሐፍ ጠጋኝ ቤት ቁልፍ የለም። ጋሽ ሙጫ መሳቢያውን ከፈቱ፣ ዘጉ። ከዚያ መቀሱን አንስተው ከሥራ ካፖርታቸው ላይ የላይኞቹን ሁለት ቁልፎች ቆረጡና ቀፎው ውስጥ ጣሏቸው። ሚጢ ቀፎውን ጆሮዋ ሥር አድርጋ አንቋቋችው።

«ሦስት ናቸው» አለች። «ክሩም ያንሳል። ስድስት ወር ብዬ ነው የለካሁት።»

ሌላ ድውር ወሰዱ። ሚጢ ሰሙን ይዛ፣ አያቷ ክሩን እየሳቡ፣ እስኪጨልም አሹት። በሰም ያልታሸ ክር ቶሎ እንደሚበጠስ ነገሯት፤ እሷም ይህን ባለፈው ሳምንት መንገር እንደነበረባቸው ነገረቻቸው። ሲወጡ የካፖርታቸው ደረት ተከፍቶ ነበር። ዘበኛው «ጋሼ፣ ብርድ እንዳይመታዎ» አላቸው፤ እሳቸውም መጀመሪያ ጫማውን አይተው አመሰገኑት።

መጽሐፉን እንደገና አልፈቱትም። ትክክለኛው ትክክለኛ ነው፤ ለመጀመሪያው ስህተት ሁለተኛ አይጨምሩም። ሰባተኛው እጥፍ መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ቀይ ጥብጣብ ሰፉበት፤ ለምን እንደሆነም ለእትዬ ጸጥታ አላስረዱም። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ እትዬ ጸጥታ ስድስቱ ፍሬ ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፤ ልጆቹ «ጥብጣቡ! ጥብጣቡ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ እትዬ ጸጥታም ያን ጊዜ ብቻ ዝም አያሰኟቸውም፤ ወደ ጥብጣቡ ዘልለው መጀመሪያ ክር ያለውን ልጅ ያነቡላቸዋል።

ቅዳሜ ስልኩ ሲጮኽ ያነሳችው ሚጢ ናት።

«እማዬ፣ አባባ ነግሮኛል። ዘግይቶ ነው የነገረኝ፣ ግን ነግሮኛል።»

ከወዲያ በኩል «ተቆጣሽብኝ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ቆይ። ክር አለሽ እዚያ?»

«ክር? የጆንያ መስፊያ አለ።»

«አምጪውና በርሽ ላይ እሰሪው። የእኔ እዚህ ታስሯል።»

ወንበር ሲጎተት፣ የሩቅ መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። ጋሽ ሙጫ በሩ ሥር ቆመው በዚህ በኩል ያለውን የክሩን ጫፍ ቋጠሮ ይመረምሩ ነበር፤ ጥሩ ቋጠሮ ነው።

«አሰርኩት» አለች እናቲቱ።

ሚጢ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ፣ ክሩን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ሳበችው።

«ላልቷል። አጥብቂው።»

«አሁንስ?»

ሚጢ እንደገና ሳበችው።

«አሁን ደህና ነው» አለች።