ስንዝር እጥፋት

ልጄን ከአውቶቡሱ ላይ ጎትቼ አወረድኳት፤ ሌሎቹ ሰባቱ ሄዱ። ሶስት ቀን ተብሎ ነበር። ዛሬ ስድስተኛው ነው።

የሙዚቃ አስተማሪው የመጣው አምና፣ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ባዶውን የእህል መጋዘን አስጠርጎ ክላርኔት፣ ትራምፔት፣ ቫዮሊን ደረደረና "ከአስር እስከ አስራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ይምጣ" አለ። ስንት ነው? በነጻ። መሣሪያውስ? በነጻ። ደብተሩስ? በነጻ። ከዛ ወዲያ ስሙን የጠራው የለም። "በነጻ" መጣ፣ "በነጻ" አለፈ እንላለን። እሱም ይስቃል።

እውነት ለመናገር ጎበዝ አስተማሪ ነው። ልጄ ክላርኔት ያዘች። የመጀመሪያው ወር ድምፁ የታነቀች ፍየል ነበር የሚመስለው። ስድስተኛው ወር ላይ ክር ልገዛ ስወጣ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ሰማኋት፤ ክሩን ረስቼ ተመለስኩ። እንደዛ ያለ ነገር ከኛ ቤት ይወጣል ብዬ አላውቅም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከተማ ኮንሰርት አለ ሲባል የስምንቱንም ዩኒፎርም እንድሰፋ ለኔ ሰጠኝ። ጨርቁን ራሱ አመጣ።

"ከታች ስንዝር እጠፊለት፣ እጅጌውንም እንደዛው" አለኝ። "ስፌቱ ደግሞ ላላ ይበል፤ ማንም ሰው እንዲፈታው።"

ሰፋሁ። የተማሪ ልብስ ሲያሰፉ እናቶች ሁሉ እንደዛ ነው የሚሉኝ፤ ልጅ ሲያድግ ይለቀቃል። እጄ ለምዶታል፣ ጭንቅላቴን አልጠየቀም።

የሚሄዱ ዕለት ጠዋት ልጄ የአውቶቡሱን ደረጃ ስትወጣ የጉርድ ቀሚሷ ጠርዝ ወፍሮ፣ እንደ ካርቶን ቆሞ ታየኝ። በኛ ሥራ ስንዝር ማለት የሁለት ዓመት እድገት ነው። እናት ስንዝር የምታሳጥፈው ልጁ እሷ ቤት ስለሚያድግ ነው። እነዚህ የሚያድጉት የት ነው?

"ስማ" አልኩት አስተማሪውን፣ "ለሶስት ቀን ይሄ ሁሉ እጥፋት ምን ያደርጋል?"

"ልጅ ያድጋል እኮ፣ እህቴ።" ሳቀ።

"በሶስት ቀን?"

ሳቁን አቆመ። "ለከርሞም ይሆናቸዋል።"

"ከርሞ የት ሆነው?"

ሰዓቱን አየ። "ሹፌር፣ አስነሳ!"

ዘልዬ ገባሁና ክንዷን ያዝኩ። "እማዬ! ምን ሆነሻል? ሰው እያየ!" እያለች ጎተትኳት። እሱ አልተከራከረኝም። ለምን ብሎ እንኳን አልጠየቀኝም። ክላርኔቱን ብቻ ከእጇ ተቀበላት።

እናቶቹ ከበቡኝ። "ምነው? ምን ተፈጠረ?"

"ሆዷን አሟት ነው" አልኩ። ምን ልበል? ሰው በስንዝር ጨርቅ ይከሰሳል? ደግሞ ብሳሳትስ? "ልጇ ኮንሰርቱ ላይ ለብቻዋ አትነፋም ስለተባለች ተናዳ ነው" ብላ ያንሾካሾከችም ነበረች። አውቶቡሱ ገና አልተንቀሳቀሰም ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ልጆቹ በመስኮት እጃቸውን አውለበለቡ፤ እኔም አውለበለብኩ።

ልጄ አኩርፋኛለች። የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ያለ ድምፅ ጣቶቿን ታመላልስበታለች። አራተኛው ቀን ላይ የሰውዬው ስልክ ዝግ ሆነ። መንገድ ተበላሽቶ ይሆናል ተባለ። አምስተኛው ቀን ወላጆቹ መጋዘኑን ሰብረው ገቡ፤ ወንበር እንኳን አልተረፈም። ያኔም መንገድ ተበላሽቶ ይሆናል ተባለ።

ዛሬ የጡብ ሠሪው ሚስት ሱቄ መጣች። ትራምፔት የሚነፋው የሷ ልጅ ነው። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

"የልጅሽ ሆድ ተሻላት?"

"ተሻላት።"

"መች ነበር ያመማት?"

"ያን ጠዋት ነዋ።"

"አላመመኝም፣ እትዬ" አለች ልጄ ከጥግ። በስድስት ቀን የመጀመሪያ ንግግሯ ነው።

ሴትዮዋ እኔ ላይ አፈጠጠች። "ምን አይተሽ ነው? የራስሽን ያወረድሽው ምን አይተሽ ነው?"

ነገርኳት። ስንዝሩን፣ የላላውን ስፌት፣ ሰዓቱን ማየቱን። ዝም ማለቴንም። የበሩን መቃን ይዛ ሰማችኝ። ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ብትመታኝም በወደድኩ።

"ሌሎቹ ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

ነጠላዋ ወደቀ፤ ሳታነሳው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች።

ማሽኑን ሸፈንኩ። ልጄን ከኋላዬ አስከትዬ ወጣሁና ከቀሩት ስድስት እናቶች የመጀመሪያዋን ቤት በር አንኳኳሁ።